የወይዘሮ ሙሉጌጥን ቤት የዋጠው ፎቶ

መምህር ባዬ በአንድ ነገር ራሱን አይጠራጠርም ነበር፤ በእጁ። ጉልበቱ ደረጃ በወጣ ቁጥር ይንቋቋል፣ ዓይኑ ያለ መነጽር ጋዜጣ አይለይም፣ ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረበት ድምፁም ከቀትር በኋላ ይሻክራል። እጁ ግን አይንቀጠቀጥም። ካሜራ የጨበጠ እንደሆነማ «እንደ ተተከለ ምሰሶ ነው» ይል ነበር፣ ለሚጠይቀውም ለማይጠይቀውም። ዛሬ ይህን ታሪክ እየሳቀ ሲያወራ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። «እጄማ ደህና ነበር፤ እግሬን ማን አየው?» ይላል።

ባዬ የሚወደው አንድ ዓይነት ፎቶ ብቻ ነበር። በአንድ ጊዜ ካሜራ ውስጥ የማይገባን ሰፊ አገር ከዳር እስከ ዳር በብዙ ቁራጭ ያነሳና ቁራጮቹን አገጣጥሞ አንድ ረጅም ፎቶ ያደርጋቸዋል። በፊልም ዘመን ይህን የሚሠራው በመቀስና በፕላስተር ነበር። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከዘጠኝ ፎቶ የተቀጣጠለ የሐዋሳ ሐይቅ ለብዙ ዓመት ተሰቅሎ ኖሯል። ውሃው ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ሲሻገር ትንሽ ትንሽ ዝቅ ስለሚል፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል የምትሠራው ባለቤቱ ሸዋዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ባሌ ለሐይቁ ደረጃ ሠርቶለታል» እያለች ታሳይ ነበር። ባዬም አብሮ ይስቃል። በልቡ ግን ጥፋቱን የሚሰጠው ፎቶውን ላጠበው ሰው ነው።

ታናሽ ወንድሙ ከዱባይ ዲጂታል ካሜራ ሲልክለት የድሮው ችግር ሁሉ ያበቃ መሰለው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ኮምፒዩተር የምታስተምረው ሜሮን ደግሞ ፎቶዎችን ራሱ እያስተያየ የሚገጣጥም ፕሮግራም እንዳለ ነገረችው። ባዬ ያን ሳምንት እንደ ልጅ ነበር ያደረገው። የአስተማሪዎች ማረፊያን፣ የትምህርት ቤቱን አጥር፣ የሸዋዬን እህቶች በሙሉ አሰልፎ ገጣጠመ። ከእህቶቿ አንዷ ሦስት ክርን ይዛ ወጣች፤ ባዬ ግን «ተንቀሳቅሳ ነው» አለ።

ነገሩ የመጣው በ2001 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። አብዱልፈታህ የተባለ ነጋዴ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለ አራት ፎቅ ሆቴል አስገንብቶ ሊጨርስ ነበር። አብዱልፈታህ ከአባቱ የጨርቅ ሱቅ ተነስቶ እዚህ የደረሰ ሰው ሲሆን የባዬም የድሮ ተማሪ ነው። አንድ ቀን ባዬ «እስቲ ሕንፃህን ልየው» ብሎ ጎራ ሲል፣ ከእንግዳ መቀበያው ኋላ ስምንት ሜትር የሚሆን ባዶ ግድግዳ አየ። ግድግዳው ሥር ደግሞ የተጠቀለለ ትልቅ ፖስተር ተጋድሟል። ጫፉን ገለጥ ሲያደርገው በረዶ የለበሰ ተራራ ብቅ አለ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ፖስተር ነው መምህር። ስዊዘርላንድ ነው አሉኝ።»

«ስዊዘርላንድ!» አለ ባዬ። «ሐይቁ በርህ ላይ ተኝቶ፣ የታቦር ተራራ እዚያ ቆሞ እያየህ፣ እንግዳህን በረዶ ልታሳየው ነው? እኔ ያስተማርኩህ ጂኦግራፊ የት ገባ?»

አብዱልፈታህ በአርባ ዓመቱ፣ ሠራተኞቹ እያዩት፣ እንደ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አቀረቀረ። «ታዲያ ምን ላድርግ መምህር?»

«ለኔ ተወው። ታቦር ላይ ወጥቼ ከቡሹሎ እርሻ እስከ አላሙራ ተራራ ድረስ፣ አንዲት ጣሪያ ሳላስቀር፣ ከተማዋን ግድግዳህ ላይ አነጥፍልሃለሁ።»

ይህንን ሲል ማንም አላስገደደውም። ወደ ቤቱ ሲመለስ በሔኖክ ፎቶ ቤት በኩል አልፎ ለሱም ነገረው። ሔኖክ ሠርግና ልደት ሲያነሳ የኖረ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ዕቃ ቤቱ ገብቶ ባለሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ ይዞ ወጣ።

«ጋሼ ባዬ፣ ይሄን እስታንድ ይውሰዱ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ በእጅ አይሆንም።»

«እስታንድ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ነው» አለ ባዬ። ሔኖክ እስታንዱን መልሶ አስገባው።

እሑድ ጠዋት ባዬ ታቦር ላይ ወጣ። ዝናቡ ካበቃ ሳምንታት አልፈው ስለነበር አየሩ የታጠበ ይመስል ነበር። ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል፣ ጀልባዎቹ እንደ ዝንብ ውሃው ላይ ተበትነዋል። ባዬ እንዲህ ያለ ፎቶ እንዴት መነሳት እንዳለበት በቃሉ ያውቀዋል። ካሜራው አየር ላይ የተቸነከረ ያህል አንድ ቦታ ይቆያል፤ ሰውየው ነው ዙሪያውን የሚሽከረከረው። እያንዳንዱ ፎቶ ካለፈው ሲሶ ያህሉን መድገም አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከቆሙበት ፈቀቅ ማለት አይገባም። ለዚህም ብሎ ከክፍል ይዞት በመጣው ጠመኔ አንድ ሰፊ ድንጋይ ላይ ለሁለት እግሩ ምልክት አደረገ። ትንፋሹን ዋጥ እያደረገ ከቡሹሎ በኩል ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሐይቁን ጨረሰ፣ ሐይቅ ዳርን አጋመሰ፣ አሥራ ሁለተኛውን አንስቶ ወደ ከተማዋ ሊዞር ሲል ከኋላው እልልታ ሰማ።

ሠርገኞች ናቸው። ሙሽራዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ቬሎዋን ሁለት ሚዜዎች አንጠልጥለውላት፣ ላብ በላብ ሆና ደረሰች። ቪዲዮ አንሺው ቀረብ አለና «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሙሽሮቹ እዚህ ድንጋይ ላይ ቢቆሙ ሐይቁ ከኋላቸው ይገባልናል። ትንሽ ዞር ይሉልናል?» አለው።

ባዬ ከድንጋዩ ወረደ። ምን ያድርግ፣ ሙሽራ ናት። «ሳይንስ ላይ ነኝ፣ አልንቀሳቀስም» ቢላት ኖሮ ይሻል እንደነበር የገባው በኋላ ነው። ይባስ ብሎ አንዱ ሚዜ ካሜራውን አይቶ ባለሙያ መስሎት «አባባ፣ እኛንም አንዴ» አለው። ባዬ ደግሞ ባለሙያ ተብሎ መጠራቱ ደስ ስላለው ሚዜዎቹን በሦስት ዓይነት አቀማመጥ አነሳቸው። ሠርገኞቹ ሄደው ተራራው ጸጥ ሲል ደመና ፀሐይዋን ሸፍኗል። የጠመኔው ምልክት ያለበት ድንጋይ ከቆመበት ሰባት እርምጃ ሽቅብ ነው። ባዬ ቀና ብሎ አየው፤ ጉልበቱም አየው።

«ሰባት እርምጃ ምን አላት?» አለ ለራሱ። «ይሄን የሚያህል ከተማ ሰባት እርምጃ አያውቅም።»

እዚያው እንደቆመ የቀሩትን አሥር ፎቶዎች አንስቶ ወረደ።

ለሩቅ ነገር ሰባት እርምጃ በእርግጥ ምንም አይደለም። አላሙራ ሰባት እርምጃ አያውቅም። ከተራራው ሥር ላለው ሰፈር ግን ብዙ ነው። ከላይኛው ድንጋይ ላይ ሆኖ ወለል ብሎ የሚታየውን ሰፈር፣ ከታች ሲቆሙ ቁጥቋጦ የበቀለበት የገደል ትከሻ ከፊሉን ይጋርደዋል። ባዬ ይህንን በክፍል ውስጥ በሥዕል አስደግፎ ያስተምራል። ፈተናም አውጥቶበታል።

ቅዳሜ ጠዋት ከሜሮን ጋር የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ክፍል ተቀመጡ። ፕሮግራሙ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ያሉትን ሰፍቶ አወጣ፤ ከአሥራ ሦስት እስከ ሃያ ሁለት ያሉትንም እንዲሁ። ሁለቱን ግማሾች ግን አላገናኝም አለ። ሜሮን ሦስት ጊዜ ሞከረች።

«መምህር፣ እዚህ ጋ ሰፈር ጎድሏል። ተመልሰው አንድ ሁለት ፎቶ ቢያነሱ ይሻላል።»

«የጎደለው ስንት ነው?»

«እዚህ ላይ የአንድ ጣት ያህል ነው። ሲታተም ግን ግማሽ ሜትር ይሆናል።»

ባዬ ሰዓቱን አየ፣ ጉልበቱን አሰበ፣ ለአብዱልፈታህ አደርሳለሁ ያለው ቀን ትዝ አለው። «ከአጠገቡ ካለው ጣሪያ ትንሽ ቅጂና ለጥፊበት። ጣሪያ ጣሪያ ነው።»

«ሰው ቤቱን ቢፈልግስ?»

«ሰው ሆቴል የሚገባው ሊበላ ነው ሜሮን፤ ጣሪያ ሊቆጥር ነው?»

ሜሮን እንደታዘዘችው ለጠፈች። ፎቶው አዲስ አበባ ሄዶ በትልቅ ሸራ ላይ ታትሞ መጣ፤ የስዊዘርላንዱ ተራራም ዕቃ ቤት ገባ።

የሆቴሉ ምርቃት ኅዳር መግቢያ ላይ እሑድ ቀን ነበር። ሹማምንት ተጠርተዋል፣ ነጋዴው ተጠርቷል፣ ጎረቤቱ ተጠርቷል። ባዬ አዲስ ክራቫት አስሮ ከግድግዳው ፈንጠር ብሎ ቆመ፤ ሰው ሲያደንቀው አጠገቡ ተገኝቶ «ኧረ ተውኝ» ለማለት እንዲመቸው። ሪባኑ ተቆርጦ በሩ ሲከፈት እንግዳው ወደ ምግቡ አልሄደም። ሁሉም ግድግዳው ላይ ተሰለፈና ጣቱን ቀስሮ ቤቱን መፈለግ ጀመረ።

«ያውና የኛ በር!»

«ይሄ የናንተ ውሃ ታንከር አይደል?»

ባዬ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ የብስክሌት ዕቃ የሚሸጠው ኑሪ ጣሪያውን አገኘ። ኑሪ በዚያ ዓመት ጣሪያውን ደማቅ ሰማያዊ ቀብቶ ስለነበር ለማግኘት አላስቸገረውም። ችግሩ ሁለት ጊዜ ማግኘቱ ነው።

«መምህር፣ እኔ ሁለት ቤት አለኝ እንዴ?»

«ሁለተኛዋን የት ደብቀሃት ነው?» አለው አንዱ፤ ሰው ሳቀ። የኑሪ ሚስት ሙንተሃ ግን ባሏን በጎን አየችው።

አጠገባቸው ወይዘሮ ሙሉጌጥ ቆመዋል። ገበያ ውስጥ ቅቤና ቆጮ የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ቤታቸው ከኑሪ ቤት ጋር አጥር ይጋራል። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ከኑሪ ሰማያዊ ጣሪያ ቀጥሎ ሌላ የኑሪ ሰማያዊ ጣሪያ አለ፤ ከዚያ መንገዱ ነው።

«የኔስ?» አሉ።

«ዛፍ ጋርዶት ይሆናል እትዬ ሙሉጌጥ» አለ ባዬ ቶሎ ብሎ።

«የምን ዛፍ? የነበረኝ አንድ አቮካዶ ነው፤ እሱንም አምና አስቆርጬዋለሁ።»

ሁለተኛ ብርጭቆውን የጨበጠ አንድ ክራቫታም እንግዳ ለጨዋታ ያህል «እንግዲህ ከፕላን ውጪ ሆነዋላ!» አለ። ሁሉም ሳቀ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ አልሳቁም። በዚያን ሰሞን በየሰፈሩ መንገድ ይሰፋ ነበር፤ የስንቱ አጥር ላይ በቀይ ቀለም የይፍረስ ምልክት ተደርጎ ነበር። ሹማምንት በተሰበሰቡበት አዳራሽ፣ ስምንት ሜትር የሚያህል የከተማ ምስል ተሰቅሎ፣ የእሳቸው ቤት ብቻ የለም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አንድ ጉርሻ ሳይቀምሱ ወጡ።

ባዬ አያቸው። ተከትሏቸው ሊወጣ እግሩን አነሳ፤ ግን በዚያው ቅጽበት አንድ ሹም ትከሻውን መታ አድርጎ «ድንቅ ሥራ ነው» አለው። ባዬም «ኧረ ተውኝ» አለ።

ከአሥር ቀን በኋላ ሸዋዬ ለምሳ ከመሥሪያ ቤት መጣች። እጇን ሳትታጠብ ወንበር ስባ ተቀመጠችና «የወይዘሮ ሙሉጌጥን ቤት የት አደረስከው?» አለችው።

«ምን ሆኑ?»

«ዛሬ መዝገብ ክፍል መጥተው ነበር፤ ስለ ቤታቸው ወረቀት ሊጠይቁ። ጣሪያ ሊቀይሩ ቆርቆሮ ገዝተው ነበር አሉ፤ አናጢውን አሰናበቱት። ‹ለሚፈርስ ቤት ምን ቆርቆሮ ያስፈልገዋል› ነው የሚሉት። ማዘጋጃ ቤትም ሄደው ጠይቀው ምንም የለም ብለዋቸዋል። ‹ምንም የለም ካሉማ አለ ማለት ነው› አሉኝ።»

ባዬ ሁሉንም ነገራት፤ ድንጋዩን፣ ሠርገኞቹን፣ ሰባቱን እርምጃ፣ የተለጠፈውን ጣሪያ። ሸዋዬ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ትስቅብኛለች ብሎ ነበር። አልሳቀችም።

«ሂድና ንገራቸው» አለች። «እንዲህ ለኔ እንደነገርከኝ አድርገህ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ፎቶዎቹን በትንሹ አሳጥቦ ይዞ ሄደ። የወይዘሮ ሙሉጌጥ ግቢ ውስጥ አዲሱ ቆርቆሮ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቤት ውስጥ የግድግዳ ሰዓቱና የባላቸው ፎቶ ወርደው፣ በጨርቅ ተጠቅልለው አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። ባዬ ይህን ሲያይ ያዘጋጀው መግቢያ ጠፋው። ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረና የሆነውን ሁሉ አስረዳ።

ወይዘሮ ሙሉጌጥ በትዕግሥት አዳመጡት። «መምህር፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ» አሉ። «ልጆቼን ሦስቱንም አስተምረሃል። አሁን ሰባት እርምጃ መውጣት ደክሞኝ ቤትዎን ቆርጬ የኑሪን ጣሪያ ለጠፍኩበት ነው የምትለኝ?»

«አዎ እትዬ።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም። እኔው ነኝ።»

አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አዘኑለትም። «ገባኝ ልጄ። እንዳትናገር አስፈርመውሃል።»

ባዬ ማለ። በልጆቹ ማለ፣ በሃያ ስድስት ዓመት የመምህርነት ክብሩ ማለ። በማለ ቁጥር የሴትዮዋ ጥርጣሬ እየጠነከረ ሄደ። ሲወጣ ወይዘሮ ሙሉጌጥ እስከ አጥራቸው ሸኙትና «አይዞህ፣ አንተ ላይ ቂም የለኝም» አሉት። ወሬውም በሁለት ቀን ገበያውን አዳረሰ፤ መምህሩ እንኳ አላስችል ብሎት ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ ተባለ። ኑሪ ደግሞ ሁለተኛ ቦታ ሊሰጠው ነው ተብሎ ከወትሮው የበለጠ ሰላምታ ይቀርብለት ጀመር። ኑሪም መጀመሪያ ላይ ቢያስተባብልም በሦስተኛው ቀን ዝም አለ።

ባዬ ዕድሜውን ሙሉ ሰው አዋቂነቱን እንዲያምንለት ሲደክም ኖሯል። አንዴ አለማወቁን እንዲያምኑለት ቢለምን የሚያምን ጠፋ። ሁለት ቀን ሲብሰለሰል ሰነበተና አብዱልፈታህ ዘንድ ሄደ።

«ቅዳሜ ጠዋት አዳራሽህን ስጠኝ። የሰፈሩን ሰው ጥራልኝ፤ ወይዘሮ ሙሉጌጥ እንዳይቀሩ።»

«ምን ሊያደርጉ ነው መምህር?»

«ልዋረድ ነው።»

ቅዳሜ ሠላሳ የሚሆን ሰው መጣ። ወይዘሮ ሙሉጌጥን ሙንተሃ ደግፋ አምጥታ ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ባዬ ክፍል ውስጥ ካርታ የሚያሳይበትን ዘንግ ይዞ ፎቶው ፊት ቆመ።

«ዛሬ የምነግራችሁ ይሄ ፎቶ ምን ያህል የማይረባ እንደሆነ ነው» ብሎ ጀመረ። «እዚህ መንገድ ላይ ብስክሌት የሚነዳውን ባለ ቀይ ሹራብ አያችሁት? እዚህ ጋ ደግሞ ያውላችሁ። እዚያም አለ። ሦስት ሰው አይደለም፤ አንድ ሰው ነው። እኔ ቀስ ብዬ ሳነሳ እሱ ወደ ጉዳዩ ይሄድ ነበር። ይሄን ጋሪ ስንት እግር ያለው ፈረስ ነው የሚጎትተው? ቁጠሩ።»

«ስድስት!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ስድስት። ይህቺ ጀልባ ፊቷ አለ፣ ኋላዋ የለም። ዓሣ አጥማጁ ውሃ ላይ ነው የተቀመጠው።»

ሰው መሳቅ ጀመረ። ባዬ በየሳቁ ልክ እየተሻለው ሄደ። ጠማማ ስልክ እንጨት አሳየ፣ ጥላው ወደ ግራም ወደ ቀኝም የወደቀ ፎቅ አሳየ። በመጨረሻም ዘንጉን የኑሪ ሁለተኛ ጣሪያ ላይ አደረገ። «እትዬ ሙሉጌጥ እዚህ ሥር ናቸው። ያፈረሳቸው መንግሥት አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ሙሉጌጥ አልሳቁም። «ይሄን ሁሉ እያወቅህ ለምን ሰቀልከው?» አሉ።

ባዬ ዘንጉን አወረደ።

«ኮርቼ ነው እትዬ። እጄ አይሳሳትም ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቼ ነበር። ተመልሼ መውጣት አፈርኩ። ማንም አያየውም አልኩ።»

ሴትዮዋ ፊቱን አጠኑት። «እስቲ በዓይኔ ልየው» አሉ። «እኛን አንሳንና ግጠመን። ቤት የሚውጥ ከሆነ ሰውም ይውጣ።»

ሁሉም ግቢው ውስጥ፣ አጥሩን ተደግፎ ተሰለፈ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ መሀል፣ ኑሪ በግራቸው፣ አብዱልፈታህ በቀኛቸው ቆሙ። ባዬ ካሜራውን አንስቶ ከዳር ጀመረ። ረጅም ሰልፍ ስለነበር መሀል ላይ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ አለ፤ አንድ ፎቶ አንስቶ እንደገና ፈቀቅ አለ። ስምንት ፎቶ ሆነ። አዳራሽ ተመልሰው ገቡ፤ ሜሮን ላፕቶፗን ጠረጴዛ ላይ ከፍታ ሠላሳ ሰው ከኋላዋ ተደፍቶ ሲጠብቅ ፕሮግራሙ አሰበ፣ አሰበና አንድ ረጅም ፎቶ አወጣ።

ኑሪ አንድ አንገት ላይ ሁለት ፊት አብቅሏል፤ ሁለቱም ፊት በኩራት ፈገግ ብሏል። አብዱልፈታህ ቦርጩን አጥቶ ደረቱ በቀጥታ ከጉልበቱ ተገናኝቷል። በመካከላቸው የኑሪን ትከሻ የያዘች አንዲት እጅና የነጠላ ጥለት ይታያሉ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ከነዚህ በቀር የሉም።

አሮጊቷ ላፕቶፑ ላይ አጎንብሰው ፎቶው ላይ ያለችውን እጅ አዩ፤ የራሳቸውን እጅ አነሱና ቀለበታቸውን አስተያዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «በቁሜ ዋጠኝ!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ኧረ መምህር፣ አንተስ እውነትህን ነው! ምንም አትችልም!»

አዳራሹ አጨበጨበለት። ሃያ ስድስት ዓመት ሲያስተምር እንደዚያ ተጨብጭቦለት አያውቅም። አብዱልፈታህ እጁን ጨብጦ «እንዴት አድርገው ሆን ብለው አበላሹት መምህር! አዋቂ ነዎት እኮ» አለው። ባዬ ራሱን ነቀነቀ። እውነቱን የነገራት ለሸዋዬ ብቻ ነው። ያን ቀን ሆን ብሎ አላበላሸም ነበር። ትንፋሹን ይዞ፣ ክርኑን ጎኑ ላይ አጥብቆ፣ ቢያንስ ይሄኛው ይመርልኝ ብሎ ነው ያነሳው።

ሸዋዬ በዚያ ዓመት ከዚያ የበለጠ አልሳቀችም።

በሚቀጥለው ሳምንት ባዬ ከሔኖክ ጋር ታቦር ላይ ወጣ። ሔኖክ እስታንዱን ራሱ ተሸክሞ ራሱ ተከለው። ባዬን ያስከፋው ሔኖክ አንድም ጊዜ «ብዬዎት ነበር» አለማለቱ ነው፤ ቢለው ኖሮ ይቀለው ነበር። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ቤታቸው እንዳይሳት ብለው መልሰው የጠሩት አናጢ ጣሪያው ላይ ቀይ ብርድ ልብስ እንዲያነጥፍ አድርገዋል። ከተራራው ላይ ሆኖ ሲያዩት ከከተማው ሁሉ በፊት ዓይን ውስጥ የሚገባው እሱ ነበር። ሁለቱ ተጋግዘው አነሱ፤ ሔኖክ ይቆጥራል፣ ባዬ ይጫናል። ሜሮን ስትገጥመው ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ እንኳ አላንገራገረም።

አዲሱ ፎቶ በታኅሣሥ ሲሰቀል ሪባን አልነበረም፤ ክራቫትም አልታሰረም። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ከገበያ በፊት በጠዋቱ መጡ። ግድግዳው አጠገብ ቆመው ቀዩን አገኙት፣ ጣታቸውን አደረጉበት። ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰፊ ወንበር ላይ ተቀመጡና አምቦ ውሃ አዘዙ። ባዬ አጠገባቸው ተቀምጦ የምስጋና ቃል ጠበቀ። አልመጣም። ይልቅ በየት በኩል ወደዚህ ከተማ እንደገቡ ያወሩለት ጀመር። ባላቸው ቦታውን ሲያሳያቸው ዙሪያው ሁሉ ሣር እንደነበር፣ ማታ ማታ የጉማሬ ድምፅ እንደሚሰሙ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ታቢታን በዚያው ቤት እንደወለዱ፣ አንድ ክረምት ጣሪያው በነፋስ ተነስቶ የኑሪ አባት ግቢ ውስጥ እንደወደቀ፣ የኑሪ አባትም በትከሻው ተሸክሞ እንዳመጣላቸው። ከተቀመጡበት ጣታቸውን ወደ ፎቶው ቀስረው ከቦታ ቦታ እያዘዋወሩ የማን ቤት የት እንደነበር፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደሄደ ነገሩት። ባዬ ከተማዋን እያስተማረ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሮ ከዚህ ግማሹን አያውቅም ነበር። አስተናጋጆቹ ጠረጴዛውን ለምሳ ማልበስ እስኪጀምሩ ድረስ አልተነሳም፤ ዝም ብሎ ሰማ።